ያጀባችሁት ባልዲ

አባቶቻችን ካህናት፣ በረከታችሁ ይድረሰን። እናቶቼና አባቶቼ፣ ከቤቱ ጀምሮ አስከሬኑን ተከትላችሁ በእግራችሁ የመጣችሁ ጎረቤቶች፣ ከሶላት በቀጥታ የመጣችሁ ሙስሊም ወገኖቻችን፣ ከሳሪስም ከገላን ኮንዶሚኒየምም ሥራችሁን ጥላችሁ የተሰበሰባችሁ ሁሉ፣ ተማሪዎቹ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ። ሥርጉት እኅቴ፣ ባልሽን ዛሬ የቀበርሽ፣ አንቺን እሱ ያበርታሽ።

ፀሐዩ ከርሯል፤ አውቃለሁ። ቆማችሁ ነው። ብዙ አላቆያችሁም ልል ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። ዛሬ ውሸት አልፈልግም።

ለማታውቁኝ፣ ብዙወርቅ እባላለሁ። ከዶክተር ሀብተሚካኤል ጂራታ ጋር በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዓሣ ስናጠና ነው ያረጀነው። የዓሣ ሆድ ከፍተን ምን እንደበላ እናያለን። ከጭንቅላቱ ውስጥ ትንሽ አጥንት አውጥተን ዕድሜውን እናነባለን። የት እንደሚራባ፣ ወዴት እንደሚሰደድ፣ ለምን እንደሚጠፋ እንጠይቃለን። ሥራችን ይኸው ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ እስክትሞት ድረስ ለሰው ሁሉ «ልጄ ዓሣ ትሸጣለች» እያለች ነበር የምትናገረው።

ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። ይኸው በእጄ ነው። የት እንደተወለደ፣ የት እንደተማረ፣ ምን እንደጻፈ፣ ሁሉም አለበት። ግን ከእኔ በፊት የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ተክሌ የተናገሩትን ሰማችሁ። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ልጆቻችንን ይዘን ከሰፈራችን በላይ ወዳለው ምንጭ እንሄዳለን አሉ። ሀብቴ እዚያ ያስገባቸውን ዓሣዎች እናያለን፤ ስሙ ያለበት ሰሌዳ እንተክላለን አሉ። እናንተም አሜን አላችሁ።

ይህን ስሰማ ወረቀቴን አጠፍኩት።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ለማንም እንዳልናገር ለሀብቴ ምዬለታለሁ። በሚካኤል ነው ያስማለኝ። አፈሩ እንኳ ገና አልደረቀም። እና እዚሁ፣ በአጠገቡ ቆሜ፣ መሐላዬን ላፈርስ ነው። ቀስ ብዬ ግን። መጀመሪያ ስለ ሰውዬው ልንገራችሁ፤ ሰውዬውን ካላወቃችሁት የሠራውን አትረዱትም።

ከእናንተ ውስጥ ያን ቀን ሃይገሩ ውስጥ የነበረ አለ? አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁን ስትነቀንቁ አያለሁ። ሀብቴ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ክዳኑ የተቀደደ ጀሪካን እንደ ሕፃን ታቅፎ የገባበት ቀን ነው። ረዳቱ «ጀሪካኑን ኋላ አድርገው» አለው። «አይሆንም» አለ። «ምንድን ነው የያዝከው?» «ዓሣ።» ሃይገሩ ሙሉ ሳቀ። ጾም ነበርና አንዲት እናት «ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም?» ብለው ጠየቁ። ክርክር ተነሣ። ግማሹ ይበላል፣ ግማሹ አይበላም። ሀብቴ ሲወርድ ዞር ብሎ «እነዚህ አይበሉም፤ በጾምም በፍስክም» አላቸው።

ምን ዓሣ ነበረች? ጣት ታክላለች። መልክ የላትም። ከአገጯ ሥር ክብ ነገር አላት፤ በእሱ ድንጋይ ላይ ትጣበቃለች። ጎርፍ ሲመጣ ሌላው ዓሣ ሁሉ ተጠራርጎ ሲሄድ እሷ ድንጋይዋን አትለቅም። የሰፈራችን ልጆች «ሙጭጭ» ይሏታል። ሀብቴ ራሱ ልጅ ሳለ ከአሮጌው ሐዲድ በታች ባለው ጅረት በአጎበር ቁራጭ ያጠምዳት ነበር። አድጎ፣ ተምሮ፣ ተመልሶ ሲያያት ዘመዶቿን አንድ በአንድ አስተያየ። አፏ ይለያል፣ ቅርፊቷ ይለያል። ሌላ ወንዝ ላይ እሷን የምትመስል አላገኘም። የአቃቂ ልጅ ናት፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ።

ጅረቱን ታውቁታላችሁ። አንድ ሳምንት ቀይ ሆኖ ይወርዳል፣ አንድ ሳምንት ሰማያዊ። የትኛው ፋብሪካ ቀለሙን እንደለቀቀበት ዛሬ አልናገርም። ከዚያ የመጣ ደመወዝ ያላሳደገው ልጅ እዚህ መካከል ጥቂት ነው። እኔንም ያሳደገኝ እሱ ነው። ስለዚህ ጣት መቀሰር አልችልም፤ ሀብቴም ቀስሮ አያውቅም። እሱ ያደረገው ይህን ነው፦ ከሐዲዱ በላይ አንዲት ትንሽ ኩሬ ብቻ ቀርታ ነበር፤ ቀለሙ ሳይደርስባት ሄዶ የቀሩትን ሙጭጮች በጀሪካን አመጣቸው። ግቢው ውስጥ በርሜሎች ደረደረ። የዝናብ ውሃ ሞላባቸው። ድንጋይ አስገባላቸው። በርሜሎቹ አረንጓዴ ሆኑ፣ አዝለገለጉ፣ ሸተቱ። ሥርጉት ስንት ጊዜ «ወይ እኔ ወይ በርሜሎቹ» እንዳለችው ራሷ ታውቃለች። እየሳቀች ነው። እንኳን ሳቅሽ፣ እኅቴ።

ጅረቱ እስኪጸዳ፣ ወይ ንጹሕ ምንጭ እስኪገኝ ድረስ ያቆያቸዋል። ሐሳቡ ይህ ነበር። የቀረው ዘር እሱ ግቢ ውስጥ ነበር። ሌላ ቦታ ስለመኖሩ ማንም አላየም።

አሁን ስለ ጠባዩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሀብቴ አንድ ሕግ ነበረው። ያየኸውን ተናገር፤ ያላየኸውን ተወው። ስንት ጊዜ ሰማነው! ተማሪዎቹ በእንቅልፋችሁም የምትሰሙት ይመስለኛል።

አንዴ ዝዋይ ሐይቅ ላይ መረብ ዘርግተን አደርን። ጠዋት ስናወጣው ባዶ። ቆሮሶ የለም፣ አምባዛ የለም፤ አንድ የተቀደደ ጫማ ብቻ። አብሮን የነበረ ተማሪ፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ እዚሁ ቆሟል፣ ስሙን አልጠራም፣ ባዶ ብሎ መጻፍ አሳፈረውና ጥቂት ዓሣ እንደተያዘ አድርጎ ጻፈ። ሀብቴ አየው። አልተቆጣም። መረቡን ከጀልባዋ አንሥቶ ልጁ እግር ሥር ዘረጋውና «በል ቁጠርልኝ» አለው። «ምኑን ዶክተር?» «የጻፍካቸውን ዓሣዎች ነዋ!»

ከዚያ ሀብቴ ምን አለው? «ስማኝ ልጄ፣ ዓሣ የለም ማለት ማፈሪያ አይደለም። ትልቁ ወሬ እንዲያውም እሱ ነው። በሌለበት አለ ካልክ፣ ለማዳን የሚነሣ ሰው አይኖርም።»

ይህን ያለው ሀብቴ ነው። ልብ በሉልኝ። አሁን የምነግራችሁን ያደረገውም ሀብቴ ነው።

ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ እናንተ ቤቱን ብቻውን አልተዋችሁትም። ሥርጉት አልጋው አጠገብ ስታድር ቤቷን የጠበቃችሁ እናንተ ናችሁ። ይወጣል የተባለ ዕለት ደግሞ፣ ታሞ የሚመጣ ሰው በንጹሕ ደጅ ይግባ ተባለ። ግቢው ተጠረገ። አጥሩ ተጠገነ። ከዚያ ኡምሀኒ በርሜሎቹን አየቻቸው።

ኡምሀኒን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። የሀብቴ የግድግዳ ጎረቤት ናት። ሥርጉት ስትወልድ ያረሰቻት እሷ ናት። እዚያ ጋ ቆማለች፣ ነጭ ሻርፕ ያደረገችው። ኡምሀኒ፣ ቀና ብለሽ ስሚኝ፤ ስምሽን የማነሣው ለክፉ አይደለም።

ኡምሀኒ በርሜሎቹን አየችና ደወለችልኝ። ይህን ብዙዎቻችሁ አታውቁም። ደወለችልኝ! እኔ ከተማ ውስጥ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ወርክሾፕ ላይ። ንግግር የማደርገው እኔ ነኝ፤ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ የዓሣ ሥዕል በርቷል። ስልኬን አነሣሁ። «ብዙዬ፣ በርሜሎቹን ብናጥብለት ምን ይመስልሻል? ዓሣዎቹ አይጎዱም?» አለችኝ። በደንብ አልሰማኋትም። ለመስማትም አልሞከርኩም። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ደስ ይለዋል፤ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ» አልኳት። አልደወልኩም።

ወደ ንግግሬ ተመለስኩ። ምን እያልኩ ነበር መሰላችሁ? ዓሣዎቻችን የሚጠፉት ሕዝቡ ስለማያውቅ ነው፤ ሕዝቡን ማስተማር አለብን እያልኩ ነበር። አጨበጨቡልኝ።

ያን ዕለት የሰፈራችን ፈረቃ ነበር፤ የቧንቧ ውሃ መጥቷል። ሴቶቹ ዓሣዎቹን በወንፊት አንድ በአንድ እያወጡ ንጹሕ ውሃ ወዳለበት ሳፋ አዛወሯቸው። አንዲት እንኳ መሬት እንዳትወድቅ ተጠንቅቀው ነው። አረንጓዴውን ውሃ ደፉት። በርሜሎቹን በበረኪና ፈተጓቸው። ድንጋዮቹን በብሩሽ አጠቧቸው። ከዚያ ከቧንቧ ቀድተው ሞሉላቸው። እንዲህ አድርጎ የሚደክም ጎረቤት ያለው ሰው በስንት ከተማ ይገኛል?

አረንጓዴው ነገር ምግባቸው ነበር። ከድንጋዩ ላይ እየፋቁ የሚበሉት እሱን ነው። የቧንቧ ውሃ ደግሞ እኛ እንዳንታመም ጀርም የሚገድል መድኃኒት ይደረግበታል። ለእኛ መድኃኒት የሆነው ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥላል። በረኪናውን ልተወው። ይህን ማወቅ የእናንተ ሥራ አልነበረም። የእኔ ሥራ ነው። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ነው።

በማግስቱ ሀብቴ መጣ። ሥርጉትና እኔ በግራና በቀኝ ደግፈነው በሩን ገባን። እልልታችሁ ትዝ ይለኛል። በርሜሎቹ ሰማያዊ ሆነው ያበራሉ። ሰማያዊ መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሀብቴ ቀረብ ብሎ አጎነበሰ። አየ። እኔም አየሁ። ብዙዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ነበር። ጥቂቶቹ የበርሜሉን ግድግዳ ይዘዋል፤ ስንጥባቸው ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ቀና አለ። ወደ እናንተ ዞረ። «እንዴት ያለ ደጅ ነው! እጃችሁ ይባረክ» አላችሁ። ፊቱን አይታችሁ ነበር? አንድ ነገር አያችሁበት? እኔ ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ፤ እኔም እንኳ ምንም አላየሁበትም።

ደክሞኛል ብሎ አሰናበታችሁ። ሥርጉትን ሾርባ ሥሪልኝ ብሎ ወደ ማድቤት ላካት። ሥርጉት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አንቺም ይህን ዛሬ ነው የምትሰሚው። ሁለታችን በርሜሎቹ አጠገብ ቀረን። የምናደርገው ነገር አልነበረም። ሾርባው ሳይፈላ ግድግዳ የያዙትም ለቀቁ።

«ማን ነው ያጠበው?» አለኝ። ነገርኩት። የስልኩንም ነገርኩት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አልሰደበኝም። «ኡምሀኒ እንዳትሰማ» አለኝ። ያለው ይህን ብቻ ነው። የዕድሜ ልክ ሥራው ውሃ ላይ ተንሳፎ፣ ለእሱ የታየው የጎረቤቱ እንቅልፍ ነበር።

ከዚያ ዓሣዎቹን በእጁ ሰብስቦ በፌስታል አደረገልኝና ቦርሳዬ ውስጥ ከተተው። ባልዲ ውሃ ሞላ። በነጭ ጨርቅ ሸፈነው። በሩን ከፍቶ ጠራችሁ። «ብዙወርቅ ዓሣዎቹን ወደ ምንጩ ልትወስዳቸው ነው፤ ጊዜያቸው ደርሷል» አላችሁ።

ያጀባችሁት ባልዲ ውሃ ነበር።

ውሃ ብቻ። ትዝ ይላችኋል? አብርሽ ምንጩ አጠገብ ላቫጆ ነበረህ፤ ሁለት ሚኒባስ በሳሙና ነክረህ ነበር። ባልዲውን ስታይ መንገድ አስለቀቅህልኝ። ጋሽ ተክሌ፣ እርስዎ ባርኔጣዎን አውልቀው መረቁ። ኡምሀኒ ከጎኔ ነበርሽ። «ቀስ በይ፣ እንዳታንገላቻቸው» እያልሽኝ ነው የወጣነው። ዓሣዎቹ ትከሻዬ ላይ ነበሩ፤ በቦርሳዬ ውስጥ፣ በፌስታል። ይደነግጣሉ፣ ራቁልኝ አልኳችሁ። ራቃችሁልኝ። ጨርቁን ገለጥኩና ውሃውን ውሃ ውስጥ ደፋሁት። አጨበጨባችሁ። ኡምሀኒ «አላህ ያብዛቸው» አለች። አሜን አልኩ።

እንዴት አሜን አልኩ? እስከ ዛሬ አላውቅም። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጨበጨበልኝ፤ ሁለቱም ያሳፍሩኛል።

ዓሣዎቹን ቤተ ሙከራ ወስጄ አልኮል ውስጥ አስቀመጥኳቸው። እኛ ዓሣ ሲሞት አንቀብርም፤ ለሚመጣ ሰው እናቆያለን። ያሉት እዚያ ነው። ማየት የፈለገ ይምጣ፤ እኔው በር እከፍታለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። አብርሽ ማንም ሳይናገረው ላቫጆውን ከአስፋልቱ በታች አወረደ። ሳሙና ዓሣ ይጎዳል አለ። እናቶች ልብስ በየቤታችሁ አጠባችሁ። ዕድሩ አጣና አዋጥቶ ምንጩን አጠረ። ሾፌሮች ዘይት መድፋት አቆሙ። ውሃው ጠራ። በልጅነቴ የማውቀው ጠጠር ታየ። በየቀኑ ሀብቴ አልጋ አጠገብ እየመጣችሁ «አንዷን አየናት»፣ «ከድንጋይ ሥር ገባችብን» ትሉት ነበር። ያላያችሁትን አየን ማለታችሁ ነበር። ለሕመምተኛ ደስ ይበለው ብላችሁ ነው፤ ማን ይፈርድባችኋል? እሱ ዋሻችሁ፣ እናንተም ዋሻችሁት። እንዲህ ስትዋደዱ እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር።

አንድ ቀን አልቻልኩም። «ንገራቸው» አልኩት። «የዝዋይን መረብ ረሳኸው? በሌለበት አለ ካልክ የሚያድን አይመጣም ያልከው አንተ አይደለህም?»

ምን አለኝ መሰላችሁ? «ብዙዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እውነት ጻፍን። አንድ ላቫጆ ያስነሣ ጽሑፍ አለን?»

ለዚህ እናንተ መልስ አላችሁ? ተማሪዎቹ፣ አላችሁ? ስንት ጥናት አሳተምን፣ ስንት አዳራሽ ሞላን፣ ስንቱን ባለሥልጣን አስፈረምን። ጅረቱ ቀይና ሰማያዊ መሆኑን አላቆመም። አንድ ባልዲ ባዶ ውሃ፣ አንድ ውሸት፣ ምንጩን አጠራው። ሀብቴ በዚህ እየሳቀ ነው የሄደው። እኔ ግን አልሳቅኩም። አሁንም አያስቀኝም።

እና ያን ዕለት ነው ያስማለኝ። «ኡምሀኒን ዓሣ ገደልሽ አልላትም፤ አንቺም አትያት» አለኝ። ማልኩ።

ታዲያ ለምን ታፈርሺዋለሽ ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። እኔም ዛሬ ጠዋት ላፈርሰው አላሰብኩም ነበር። ግን እሑድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ አጥሩን ተደግፋችሁ ትቆማላችሁ። ልጆቹ ውሃው ላይ ያፈጣሉ። «የታለች?» ይላሉ። አንዳችሁ «ከድንጋይ ሥር ናት» ትላላችሁ። ሌላው «ያቻት!» ይላል። እዚያ ሰሌዳ ይተከላል። ጋዜጠኛ ይመጣል፣ ዓሣዋ ተረፈች ብሎ ይጽፋል። ያኔ ሙጭጭን የሚፈልግ ሰው አይኖርም። ተርፋለቻ! ምናልባት ከዚህ በላይ፣ እኔም ሀብቴም ያልደረስንበት ሸለቆ ውስጥ፣ አንዲት ድንጋይ የያዘች ብትኖር፣ ቀለሙ እስኪደርስባት ድረስ የሚሄድላት ሰው አይኖርም። አለች አልላችሁም። አላየሁም። ግን የሚፈልጋት ሰው እንዳይጠፋ እፈልጋለሁ።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን አልደብቅም። ከብዶኛል። ሀብቴ ሲሞት ሸክሙን ሁሉ ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። እኔ የእሱን ያህል ደግ አይደለሁም።

ኡምሀኒ፣ አትሂጂ። እባካችሁ ያዙልኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ከዚህ ሁሉ ሰው የጠየቀው አንቺ ብቻ ነሽ። ጠይቀሽ ነው የሠራሽው። ሳይሰማ የመለሰልሽ ደግሞ ይኸው፣ ፊትሽ ቆሟል፤ ዲግሪ አለው፣ ማዕረግ አለው፣ ጆሮ ብቻ የለውም። ሀብቴንም የወሰደው ዓሣ አይደለም። ኩላሊቱ ነው። ሐኪሞቹ ምን ብለው ወደ ቤቱ እንደላኩት ሥርጉት ታውቃለች። ነገ ከነገ ወዲያ በየድንኳኑ «በዓሣው ተናድዶ ሞተ» የሚል ወሬ ከሰማሁ፣ ጋሽ ተክሌ ቢቆጡኝም፣ እዚያው ነው የምጣላው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ አብርሽ። ምንጩ ውስጥ ዓሣ የለም። አንዲትም የለችም። ነገ ጎማህንና ሳሙናህን ይዘህ ብትመለስ የምትገድለው ነገር አይኖርም። ይህን ስነግርህ እፈራለሁ። ሁላችሁንም እፈራችኋለሁ። ሀብቴ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ በውሸት ያገኘውን ውሃ፣ እኔ በእውነት ላጠፋው እችላለሁ። ይህ ከሆነ ዓሣዎቹን ሁለት ጊዜ ገደልኳቸው ማለት ነው።

ስለዚህ ልለምናችሁ ነው። ንግግር የማውቅ ሴት ነኝ፤ ልመና ግን አላውቅበትም። ባዶውን ውሃ ጠብቁት። ምንም የለበትም፤ ጠብቁት። እኔና እነዚህ ተማሪዎች ክረምቱ ሲወጣ ወደ ላይ ሸለቆ ለሸለቆ እንሄዳለን። ብናጣ እናጣለን፤ መጥቼ አጣሁ እላችኋለሁ። ብናገኝ ግን ወዴት እናመጣታለን? በርሜል ውስጥ መልሼ አላስገባትም። በአቃቂ ሁሉ የማውቀው ንጹሕ ውሃ የእናንተ አንድ ምንጭ ነው።

ጋሽ ተክሌ፣ ጉዞውን አይሰርዙብኝ። እሑድ እንሂድ። ልጆቹንም እንያዝ። ዳቦ የሚፈረፍሩለት ዓሣ እንደሌለ ቤታችን ሳለን እንንገራቸው። ማን እንደጨረሳቸው ይጠይቃሉ፤ ልጅ አይደሉ? ያኔ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። እናንተ ከኋላዬ ብትቆሙ ይበቃኛል።

ሀብቴ።

ስምህን ጠርቼ የማትመልስልኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ወንድሜ፣ አምነኸኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ሳላሳድር ከዳሁህ። ይቅር በለኝ ልል ነበር። አትበለኝ፤ ገና አልሠራሁበትም። መጀመሪያ ሸለቆውን ልውጣ።

አንተ ግን ዕረፍ። ሥርጉትን እናያታለን። ኡምሀኒ ይኸው ቆማለች፤ አልሄደችም፤ ሥርጉት እጇን ይዛታለች። የሰፈርህን ሰው ጥፋት በትከሻህ ይዘህ ወደ መቃብር መውረድ አይገባህም ነበር። ሸክሙን ተቀበልንህ። ከዛሬ ጀምሮ ስለ እኛ የሚዋሽልን ሰው የለም።

ደህና ሁን ሀብቴ። በሰላም ሂድ።